ካስት አይረን በሐበሻ ማዕድ ቤት፦ አሟሟሹ፣ አያያዙና የሚስማማው ምግብ

ካስት አይረን የሚባለው ከባድ ጥቁር የብረት መጥበሻ በአሜሪካ በየገበያ አዳራሹ ይገኛል፤ ዋጋውም ከሌላው ጥሩ መጥበሻ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። ከሐበሻው ማኅበረሰብ ገዝተው ወደ ቤታቸው የሚያስገቡት ጥቂቶች አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ወይ ዝጎ፣ ወይ ምግብ እየያዘ አስቸግሮ፣ ከምድጃው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። እኔ በምኖርበት በሰሜን ቨርጂኒያ ጥብሱንም፣ ዳቦውንም፣ ቡናውንም የምሠራው በዚሁ ዕቃ በመሆኑ ዘመድ ወዳጅ ስለ አያያዙ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። በስልክ ሳስረዳ አንዱ ነገር ሁልጊዜ ስለሚጎድል፣ የማውቀውን አንድ ላይ አድርጌ መጻፉን መርጫለሁ።

የዕቃውን ጠባይ ለመረዳት ከሁሉ የሚቀርበን የሸክላ ምጣድ ነው። አዲስ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ ሊጥ አይፈስበትም። መጀመሪያ በእሳት ይግላል፣ የጎመን ዘር ይበተንበታል፣ ዘሩ እያረረ ዘይቱን ሲያወጣ በጨርቅ ይታሻል፤ ይህም እየተደጋገመ የምጣዱ ፊት ጠቁሮና ለስልሶ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይሟሻል። በሚገባ ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራውን ይዞ አልለቅ ይላል፤ የተሟሸውም ቢሆን በየመሐሉ በማሰሻ ካልታሰሰ ይበላሻል። የብረት መጥበሻም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እንደ ቴፍሎን ተለብጦ የመጣ ፊት የለውም፤ ምግብ የማይዝ ፊት የሚያወጣው በባለቤቱ እጅ፣ በስስ ዘይትና በእሳት ነው። ቴፍሎን የለመደ ሰው መጀመሪያ ቅር ይሰኝበታል፤ ምጣድ ያሟሸ ሰው ግን ብዙም ሳይቸገር ይግባባዋል።

በሸክላውም በብረቱም ላይ የሚሆነው ነገር አንድ ነው። እንደ ጎመን ዘር፣ ተልባና ኑግ ያሉት ዘይቶች በስሱ ተቀብተው በከፍተኛ ሙቀት አየር ሲያገኛቸው ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳሉ፤ የዘይቱ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ይያያዙና ፈሳሽነታቸው ቀርቶ ብረቱ ላይ የተጋገረ ጠንካራ ሽፋን ይሆናሉ። ይህ ሽፋን ዘይትነቱን ስለተወ በውኃ አይለቅም፣ በጣት ሲዳሰስም አያወዛም። ዘይቱ ከበዛ ግን የላይኛው ሲደርቅ የታችኛው ሳይደርቅ ይቀርና የሚያጣብቅ ሙጫ ይሆናል። መጥበሻዬ ያጣብቃል ብለው ከሚደውሉልኝ ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው ዘይት ማብዛታቸው ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ዘይት ሳይጨምሩ መጥበሻውን መልሶ ኦቨን ውስጥ ከቶ አንድ ሰዓት ያህል ማጋል ነው።

የትኛው ዘይት ይሻላል የሚለው ብዙ ያከራክራል። ቶሎ የሚደርቁት አንሳቹሬትድ የሚባለው የስብ ዓይነት የበዛባቸው ዘይቶች ናቸው፤ በዚህ ረገድ ተልባን የሚያህል የለም፤ የሠዓሊዎች ቀለምና የእንጨት ቅባት ከጥንት ጀምሮ በተልባ ዘይት ሲሠራ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የኑግ ዘይትም ወደዚያው ይጠጋል። ሆኖም የተልባ ሽፋን ሲጠነክር ተሰባሪ ስለሚሆን፣ መጥበሻው እየጋለና እየበረደ በሄደ ቁጥር ብዙውን ጊዜ እየተላጠ ይነሣል፤ ጥቁር ቅርፊቱም ምግቡ ላይ ይታያል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ካኖላን ነው። ርካሽ ነው፣ በየቤቱ አለ፣ ከእኛ ጎመን ዘርም ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ንጥር ቅቤ ለማሟሻ አይሆንም፤ ሳቹሬትድ የሆነው ስብ ስለሚበዛበት በቀላሉ አይደርቅም፣ በውስጡ የቀረው የኮረሪማና የአብሽ ደቃቅም ያርራል። ለማብሰል ግን ምንም ክልከላ የለበትም።

ማሟሸቱን እንዲህ አከናውነዋለሁ። መጥበሻውን በሙቅ ውኃና በሳሙና አጥቤ ካደረቅሁ በኋላ፣ እርጥበቱ ፈጽሞ እንዲወጣለት ምድጃ ላይ ጥዶ ማሞቅ ያስፈልጋል። ለብ እንዳለ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ዘይት አስነክቼ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑንና እጀታውን ሁሉ እቀባለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ዋና ክፍል ነው፤ ሌላ ደረቅ ጨርቅ አንሥቼ፣ ቀደም ሲል የቀባሁትን ሁሉ ለማስለቀቅ የቆረጥሁ እስኪመስል ድረስ ጠበቅ አድርጌ እጠርገዋለሁ። ወደ ብርሃን አዙረው ሲያዩት የዘይት ወዝ የማይታይበት፣ ደብዘዝ ያለ ፊት መሆን አለበት፤ ከብረቱ ላይ የሚቀረው ዘይት በዓይን የማይለይ ነው፣ የሚበቃውም እርሱው ነው። ከዚያ በኋላ ኦቨኑን ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ230 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ላይ አድርጌ መጥበሻውን በአፉ ደፍቼ አስገባዋለሁ፤ የሚደፋውም ምናልባት የተረፈ ዘይት ቢኖር መሐሉ ላይ እንዳይጠራቀም ነው። አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ ኦቨኑን አጥፍቼ እዚያው እንዲበርድ እተወዋለሁ። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም የተሻለ ይሆናል። ጭስ መኖሩ አይቀርምና መስኮት መክፈት ተገቢ ነው፤ የአፓርታማ የጭስ ማስጠንቀቂያ ሐበሻን ማሳቀቅ የለመደው በቡና ብቻ አይደለም።

አዲስ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ሁሉ ገና ከመጀመሪያው ማድረግ አይጠበቅበትም። በቴነሲ ግዛት በሳውዝ ፒትስበርግ ከተማ በ1896 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሎጅ የተባለው ፋብሪካ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጥበሻዎቹን በአኩሪ አተር ዘይት አሟሽቶ ለገበያ ማቅረብ ጀምሯል፤ ሌሎችም ተከትለውታል። ይህ የፋብሪካ ሽፋን መነሻ እንጂ መድረሻ ባይሆንም በተገዛበት ቀን ለመጥበስ ያስችላል። የአዲሶቹ ፊት ሲዳሰስ ሻካራ መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስበዋል። ምክንያቱ ብረቱ ቀልጦ የሚፈስሰው በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ በመሆኑ ነው፤ ይህም ዘዴ እንግሊዛዊው አብርሃም ዳርቢ በ1707 እ.ኤ.አ. የብረት ድስትን በአሸዋ ቅርጽ ለማፍሰስ የባለቤትነት ፈቃድ ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ በመሠረቱ አልተለወጠም። የጥንቶቹ አሜሪካውያን አምራቾች፣ ለምሳሌ በፔንስልቬንያ የነበረው ግሪስወልድና በኦሃዮ የነበረው ዋግነር፣ ከቅርጹ ከወጣ በኋላ የመጥበሻውን ፊት በማሽን ያለሰልሱት ስለነበር የእነርሱ ዕቃ ዛሬም ተፈላጊ ነው። አዲሱን በብርጭቆ ወረቀት ለማለስለስ የሚደክሙ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም፤ ሻካራው ፊት በአገልግሎት ብዛት እየተሞላ ይሄዳል።

አሮጌ መጥበሻ በየሰፈሩ የያርድ ሴል ሽያጭና በየአሮጌ ዕቃ መደብሩ በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ እኔም አብዝቼ የምጠቀምበት እንዲህ የተገኘ ነው። ሲገዙ ሁለት ነገር መፈተሽ ይገባል። አንደኛው ስንጥቅ ነው፤ መጥበሻውን በጣት አንጠልጥሎ በማንኪያ ቢመቱት ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ሁለተኛው የታችኛው ጀርባ ነው፤ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲያስቀምጡት የሚሽከረከር ወይም የሚወዛወዝ ከሆነ ተጣሟልና በመስተዋት ፊት ምድጃ ላይ አይሆንም። ዝገትና የተጋገረ ጥላሸት ግን ይስተካከላልና መደራደሪያ ይሁን እንጂ መተው የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም። በአሜሪካ ገጠር አንዳንድ ሰዎች የጥይትና የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ በአሮጌ መጥበሻ ያቀልጡ እንደነበረ መታወቅ አለበት፤ የሚያጠራጥር ሲሆን እርሳስ መኖሩን የሚያሳይ መመርመሪያ ከዕቃ መደብር ገዝቶ መሞከር፣ ከተገኘበትም ለምግብ አለመጠቀም ያስፈልጋል።

የብረት መጥበሻ ክብደቱ ያታልላል፤ ሙቀት ቶሎ የሚያሠራጭ ይመስላል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ አሉሚኒየም ሙቀትን ከእርሱ ሦስት አራት እጥፍ በተሻለ ያስተላልፋል። ካስት አይረን የሚበልጠው ሙቀትን አከማችቶ በመያዝ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መጥበሻ እስከ ሦስት ኪሎ ተኩል ሊመዝን ስለሚችል፣ አንዴ ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ሥጋ ቢጨመርበት በቀላሉ አይበርድም። ስለዚህ በኃይለኛ እሳት በድንገት ከማጋል ይልቅ፣ በመካከለኛ እሳት ከሰባት እስከ አሥር ደቂቃ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል። በድንገት ከጋለ መሐሉ ሲያርር ዳሩ ገና ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ከዚህም በላይ ሊጣመም ይችላል። እጀታውም አብሮ እንደሚግል መዘንጋት የለበትም፤ በቤቴ ውስጥ ምድጃው ላይ ያለ መጥበሻ እጀታው ሁልጊዜ ወፍራም ጨርቅ ይለብሳል።

ይህ ዕቃ ለጥብስ የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በቀጭን መጥበሻ ሥጋ ሲጨመር ሙቀቱ ይወድቅና ሥጋው ውኃውን ለቆ ይቀቀላል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ጥብስ ተብሎ የሚቀርበው በውኃው የተቀቀለ ሥጋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ሥጋውን ከከተፍሁ በኋላ በወረቀት ፎጣ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ ውኃውን አነሣለታለሁ። መጥበሻው በቂ መጋሉን የማውቀው የውኃ ጠብታ ጣል በማድረግ ነው፤ ጠብታዋ ቺስ ብላ ወዲያው ከጠፋች ገና ነው፣ ክብ ሆና እየተንከባለለች ከዳር ዳር ከሮጠች ግን ደርሷል። ያን ጊዜ ጥቂት ዘይት አድርጌ ሥጋውን ሳይደራረብ በአንድ ረድፍ እዘረጋዋለሁ፤ ብዙ ከሆነ በሁለት ዙር እጠብሰዋለሁ። ቀጥሎ ያለው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥጋው ሲያርፍ ብረቱን ይይዛል፤ ወዲያው በማማሰያ ለማላቀቅ የሚታገል ሰው ይቦጭቀዋል፤ ሁለት ደቂቃ ያህል የተወው ግን የታችኛው ፊት ቡናማ ሆኖ ሲጠበስ ራሱ ሲለቅ ያገኘዋል። ቀይ ሽንኩርቱ፣ ቃሪያውና የጥብስ ቅጠሉ የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ንጥር ቅቤው ደግሞ ከእሳት ሊወርድ ሲል። መጥበሻው እንዳለ ለገበታ ቢቀርብ እንደ ሸክላ ጥብስ እየተንጫጫ ብዙ ይቆያል፤ ለእንግዳ ሳቀርብ የምመርጠው አቀራረብም ይኸው ነው።

ስለ አጣጠቡ የሚወራው አብዛኛው የቆየ ነገር ነው። ሳሙና አይነካውም የሚባለው የቀድሞው ሳሙና ካስቲክ ሶዳ የተባለውን የሚያቃጥል ኬሚካል በውስጡ ይዞ ይቀር ስለነበረ ነው፤ የዛሬው ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ግን የላላውን ቅባት እንጂ የተጋገረውን ሽፋን አያነሣም። ገና ለብ እንዳለ በሙቅ ውኃ፣ አስፈላጊ ሲሆን በጥቂት ሳሙና፣ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ አጥበዋለሁ። የያዘ ነገር ካለ ውኃ አፍልቼበት በእንጨት ማማሰያ ፋቅ ፋቅ አደርገዋለሁ፤ ያ ካልበቃ ሻካራ ጨው ጨምሮ በጨርቅ ማሸት ነው። መዘፍዘፍ፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ መክተት፣ እርጥቡን መደርደሪያ ላይ አንጠፍጥፎ መተው ግን በአንድ ሌሊት ያዝገዋል። ታጥቦ በጨርቅ ከደረቀ በኋላ ምድጃ ላይ ጥቂት ደቂቃ አሙቄ የመጨረሻዋን እርጥበት አተንናለሁ፤ ከዚያም ምጣድ በማሰሻ እንደሚታሰሰው በዘይት በተነካ ጨርቅ አሰስ አድርጌ፣ መልሼ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ አስቀምጠዋለሁ። ይህ ሁሉ ሲጻፍ ረዘመ እንጂ ሥራው የቡና ጀበና ከማጠብ አይበልጥም።

አክስቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው በነበረበት ጊዜ፣ እኔ ሥራ ስውል ይህንኑ መጥበሻ በሽቦ ፈትገው ፈትገው ግራጫ አድርገው ጠበቁኝ። ሀገር ቤት የአሉሚኒየም ድስት በአመድና በአሸዋ ተፈትጎ መስተዋት ሲመስል ነው ባልትና ያለው ሴት የምትመሰገነው፤ በእርሳቸው ዓይን የእኔ መጥበሻ ዓመት ሙሉ ሳይታጠብ የኖረ ነበር። ማታ ላይ ብርቱካናማ ዝገት ጣል ጣል ብሎበት አየነው። «እትዬ፣ ይህ እኮ ጥላሸት አልነበረም፤ እንደ ምጣድ የተሟሸ ነው» ስላቸው፣ «ታዲያ እንዲህ ብለህ አትነግረኝም ኖሯል? እኔ እኮ የላጤ ቤት ነገር ነው ብዬ ነው!» አሉኝና በማግሥቱ ራሳቸው ሊያሟሹት ተነሡ። ዘይት ሲቀቡና ሲጠርጉ ቆሜ ተመለከትሁ። ጨርቁን በአራት ያጥፉታል፣ አንዱ ገጽ ሲወዛ ወደ ሌላው ይገለብጡታል፣ ከመሐል ጀምረው እየዞሩ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ ዳሩ ላይ የተጠራቀመውንም ዘይት በመጨረሻ በደረቁ ገጽ ያነሣሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ የምጠርገው እንደዚያ ነው።

ዝገት የያዘው መጥበሻ ሁሉ እንዲሁ ይድናል። ቀላሉ ዝገት በሽቦና በሳሙና ይለቃል። የጠነከረውን አቼቶና ውኃ እኩል በእኩል ቀላቅሎ መዘፍዘፍ ይቻላል፤ ነገር ግን አሲዱ ዝገቱን ሲጨርስ ጤነኛውን ብረት መብላት ስለሚጀምር፣ በየሠላሳ ደቂቃው እያወጡ መፈተግና ዝገቱ እንዳለቀ ማቆም ያስፈልጋል። ወዲያው ታጥቦ፣ ደርቆና ሞቆ ዘይት ካልተቀባ ግን ዓይን እያየ መልሶ ይዝጋል። ለዓመታት የተጋገረ ወፍራም ጥላሸት ያለበትን አሮጌ ዕቃ ለመላጥ ደግሞ፣ ካስቲክ ሶዳ ያለበትን የኦቨን ማጽጃ ረጭቶ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ አንድ ሁለት ቀን መተው ነው። ይህ ከቤት ውጭ፣ በላስቲክ ጓንትና በመነጽር፣ ሕፃናት በሌሉበት የሚሠራ ሥራ ነው። ኦቨን ራሱን በሚያጸዳበት ከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ከቶ ማቃጠል ያቀልላል የሚሉ አሉ፤ ሙቀቱ መጥበሻውን ሊያጣምመው ወይም ሊሰነጥቀው ስለሚችል እኔ አልመክረውም።

ወደ ወጥ እንምጣ። ሽንኩርት ያለ ዘይት ለማቁላላት ከባድ ብረት ድስት እጅግ ይመቻል፤ ሙቀቱ ስለማይዋዥቅ ቁሌቱ ሳያርር ይበስላል። ችግሩ የሚመጣው ቲማቲም፣ ሎሚ፣ አቼቶ ወይም ጠጅ ሲገባበትና ወጡ ለሰዓታት ሲንተከተክ ነው። አሲዱ ሽፋኑን ይበላል፣ ወጡም ብረት ብረት ይላል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ዶሮ ወጥ ሠርቶ እዚያው ድስት ውስጥ ማሳደር ደግሞ ወጡንም ድስቱንም ማበላሸት ነው። ለዚህ የሚሆነው ኢናሜል የሚባል እንደ መስተዋት ያለ ሽፋን የተለበጠ የብረት ድስት ነው። ክብደቱና ሙቀት አያያዙ ያው ሆኖ፣ ብረቱ ከምግቡ ጋር ስለማይገናኝ ማሟሸትም አያስፈልገውም፣ አሲድም አይጎዳውም። ጥንቃቄው ሌላ ነው፤ ባዶውን በኃይለኛ እሳት አለማጋል፣ በብረት ጭልፋ አለመጫር፣ የጋለውን ቀዝቃዛ ውኃ አለማስነካት። አቅም ካለ ያልተለበጠ መጥበሻና የተለበጠ ድስት አንድ አንድ ቢኖሩ የሐበሻን ማዕድ ቤት ይሸፍናሉ፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ግዛ ብባል ግን መጥበሻውን እመርጣለሁ።

እንጀራ ለመጋገር ግን አይሆንም። ስፋቱ ከምጣድ ግማሽ ገደማ መሆኑ ሳያንስ፣ የምድጃው እሳት መሐሉ ላይ ስለሚያርፍ ዳሩ ላይ ዓይን አያወጣም። በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ይሻላል።

ቡና ለመቁላት ከዚህ የተሻለ መቁያ አላየሁም፤ ፍሬው እኩል ይበስላል። ይሁን እንጂ ለቡና ትንሽዬ ለብቻው የሆነ መጥበሻ መያዝ የግድ ነው። ቡና ሽታ ይቀበላል፤ ትናንት ጥብስ በተሠራበት መጥበሻ የተቆላ ቡና የሽንኩርትና የቅቤ መዓዛ ይዞ ይመጣል። ቆሎም በዚያው የቡና መቁያ ቢቆላ አይጎዳም።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው ድፎ ዳቦ ነው። ሀገር ቤት ድፎ የሚጋገረው ከሥርም ከላይም እሳት ተደርጎለት መሆኑ ይታወቃል። አሜሪካውያን ደች ኦቨን ከሚሉት ባለ ክዳን የብረት ድስት መካከል ለካምፕ የተሠራው ዓይነት እግር አለው፤ ክዳኑም ጠርዙ ከፍ ብሎ ፍም እንዲያርፍበት ሆኖ የተሠራ ነው። ከቤት ውጭ ከሥሩና ከክዳኑ ላይ የከሰል ፍም አድርጎ ድፎ መጋገር ይቻላል፤ አጋገሩ የእኛው ነው። ቤት ውስጥ ግን እግር የሌለውን ድስት እጠቀማለሁ። ለኮባ ምትክ በእስያና በላቲኖ መደብሮች ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገኘውን የሙዝ ቅጠል አሟሙቼ አጥቤ ድስቱን አለብሰዋለሁ፣ የቦካውን ሊጥ እገለብጥበታለሁ፣ ከላይም በቅጠል ሸፍኜ እከድነዋለሁ። በ375 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ እንደ ሊጡ ብዛት አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከባዱ ክዳን እንፋሎቱን ስለሚይዘው የላይኛው ቅርፊት ሳይደርቅ ይነፋል። መቅላቱን ለሚወድ ሰው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ክዳኑንና የላይኛውን ቅጠል ማንሣት ይበቃል።

በብረት ድስት የተሠራ ምግብ ደም ይሆናል የሚባለው ነገር መሠረት አለው። በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት የተካሄደው በሀገራችን ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ለአንዳንድ ቤተሰቦች የብረት፣ ለሌሎቹ የአሉሚኒየም ድስት ሰጥተው ትንንሽ ልጆቻቸውን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። በብረት ድስት የተበሰለ የተመገቡት ልጆች የሄሞግሎቢን መጠን ከሌሎቹ በተሻለ ጨምሮ ተገኝቷል። ወደ ምግቡ የሚገባው የብረት መጠን ምግቡ ፈሳሽና አሲድ ያለበት ሲሆን፣ እሳት ላይም ሲቆይ ይበዛል፤ በደንብ በተሟሸ መጥበሻ ለአጭር ጊዜ የተጠበሰ ነገር ግን ብዙ አይወስድም። ስለዚህ የደም ማነስ ያለበት ሰው መጥበሻውን በመድኃኒት ምትክ አይያዘው፤ በአንጻሩ ሰውነቱ ብረት የሚያከማችበት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አዘውትሮ ባይጠቀምበት ይሻላል።

ጥንካሬውን አይቶ የማይሰበር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ካስት አይረን ከሁለት እስከ አራት በመቶ የሚደርስ ካርቦን ስላለበት ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ከእጅ አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ እጀታው ሊገነጠል ይችላል፣ ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ ቢፈስበትም ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀውን በብየዳ መልሶ ለማብሰያ ማዋል የሚያዋጣ አይደለም። መስተዋት ፊት ባለው ምድጃ ላይ ሲሠሩበት አንሥቶ ማስቀመጥ ይገባል፤ መጎተት መስተዋቱን ይቧጭራል። በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን በሚያሞቀው በኢንዳክሽን ምድጃ ላይ ግን ያለ ምንም ችግር ይሠራል፤ ከአሉሚኒየም ድስት የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ነው።

ወደ ሀገር ቤት ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሻንጣውን ይመዝን፤ አንድ ትልቅ ደች ኦቨን ከነክዳኑ ከስድስት ኪሎ በላይ ሊወጣ ይችላል። ክዳኑን ከድስቱ ለይቶ እያንዳንዱን በልብስ ጠቅልሎ ሻንጣው መሐል ማድረግ ከመሰበር ያድነዋል። በከሰል ምድጃም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃም፣ በሦስት ጉልቻም ላይ ያለ ችግር ያገለግላል። የክረምቱ እርጥበት ግን ይፈታተነዋል። ዝገትን ለመከላከል ብሎ ዘይት አብዝቶ ቀብቶ ማስቀመጥ ዘይቱ እንዲሸትና እንዲያጣብቅ ያደርጋልና ስሱ ቅብ ይበቃል፤ ድስቱንም ገጥሞ አለመክደን፣ በአፉና በክዳኑ መካከል የታጠፈ ወረቀት አስገብቶ አየር እንዲገባው ማድረግ፣ ወረቀቱንም እርጥበት በያዘ ቁጥር መለወጥ ነው።